ነዳጁን ተከራዩ ገዛ፤ ቅጣቱ የማን ነው?

ጥያቄ፦ መርከቤን በጊዜ ኪራይ ውል አከራይቻለሁ። ነዳጅ የሚያስሞላው ተከራዩ ነው። በወደብ ምርመራ የነዳጁ ሰልፈር ከተፈቀደው በላይ ነው ተብሎ ተቀጣሁ። ተከራዩን መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ የወደቡን ባለሥልጣን ግን የኪራይ ውልዎን አሳይተው አይመልሱትም። መርከቦች የሚያደርሱትን ብክለት የሚከላከለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የማርፖል፣ ስድስተኛ አባሪ ግዴታውን የሚጥለው በመርከቧ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ጭስ ማጠቢያ (ሰልፈርን ከጭስ የሚያስወግድ መሣሪያ) ያልተገጠመላት መርከብ ሰልፈሩ ከ0.50 በመቶ፣ ልዩ የልቀት ቁጥጥር ባለባቸው ባሕሮች ደግሞ ከ0.10 በመቶ የበለጠ ነዳጅ መጠቀም አትችልም። የከፈሉትን ከተከራዩ የሚያስመልሱት በውሉ ነው፤ ደንቡን የሚያሟላ ነዳጅ ሊያቀርብና ጉዳት ሊክስ የተስማማበትን አንቀጽ ይፈልጉ።

ክርክሩን የሚወስነው ናሙናው ነው። ተከራዩ «እኔ ያቀረብኩት ደህና ነበር፤ ያበላሸው በታንክዎና በቧንቧዎ የቀረው አሮጌ ነዳጅ ነው» ማለቱ አይቀርም። ታንክ ማጽዳት አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ ኃላፊነት ስለሆነ፣ ነገሩ እውነት ከሆነ ይሸነፋሉ። ማስተባበያዎ ነዳጁ ሲሞላ ከመርከቧ መቀበያ ማኒፎልድ (የነዳጅ ቱቦው ከሚገጠምበት የቧንቧ አፍ) የተወሰደው፣ የታሸገውና የአቅራቢው ወኪልና የመርከቧ መኮንን የፈረሙበት ናሙና ነው። ናሙናው ነዳጁ ተቃጥሎ እስኪያልቅ፣ ምንም ቢሆን ከ12 ወር ላላነሰ ጊዜ ይቀመጣል። የነዳጅ ማስረከቢያ ሰነዱ 3 ዓመት ይያዛል። መኮንኖችዎ ሲቀዳ ባላዩት ጠርሙስ ላይ በፍጹም አይፈርሙ።

የላቦራቶሪውን ቁጥርም ይመርምሩ። ከመርከቧ ታንክ ወይም ወደ ሞተር ከሚሄደው መስመር የተወሰደ ናሙና ገደቡ 0.50 ሆኖ እስከ 0.53 ቢያሳይ ደንቡን እንዳሟላ ይቆጠራል፤ የመለኪያ ልዩነት ታስቦለት ነው። ነዳጁ ሲሞላ የተወሰደው የማስረከቢያ ናሙና ግን ይህ ዕድል የለውም። ስለዚህ የተቀጡት ለምሳሌ በ0.52 ከሆነና ናሙናው ከታንክ ከተወሰደ፣ ከተከራዩ በፊት ቅጣቱን ራሱን ይቃወሙ።

ካፒቴኑ የተቃውሞ ደብዳቤ ዛሬውኑ ለተከራዩና ለአቅራቢው ይጻፍ፤ መርከቧ ለተመዘገበችበት አገር አስተዳደርም ያሳውቅ። አቅራቢዎች በውላቸው የሚፈቅዱት የአቤቱታ ጊዜ አጭር ነው። ነዳጁን ከሌላ አይቀላቅሉት፤ ማስረጃው ይጠፋል፣ የማይስማሙ ነዳጆችም ዝቃጭ ፈጥረው ማጣሪያ ይደፍናሉ። የተረፈውን ባሕር ላይ አቃጥሎ መጨረስም መፍትሔ አይደለም፦ ጭሱን የሚተነፍሱት የባሕር ዳር ነዋሪዎች ናቸው፤ ከማርች 1 ቀን 2020 ወዲህ ደግሞ ጭስ ማጠቢያ በሌላት መርከብ እንዲህ ያለውን ነዳጅ ለራሷ መጠቀሚያ ይዞ መገኘት ብቻውን ጥፋት ነው። ያስራግፉት፤ የማራገፊያውን፣ የታንክ ማጽጃውንና የመዘግየቱን ወጪ ከቅጣቱ ጋር ለተከራዩ በሚያቀርቡት ጥያቄ ውስጥ ያስገቡ።