መልስ፦ ጎቢዬ እና አብሽር የማሽላ ዘሮች ጂኤምኦ ናቸው ወይ?

ይዝሩት። ቢዮ አዋሌ ላይ ማሽላዎን አቀንጭራ የሚባለው ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጥ አረም እንደጨረሰው፣ ጎቢዬ ሊዘሩ ሲሉም ጎረቤትዎ «ጂኤምኦ ነው፤ ዘረመሉ በላቦራቶሪ የተለወጠ ነው» ብሎ እንዳስፈራራዎ ጽፈዋል። አይደለም። ጎቢዬም ሆነ አብሽር ማሽላን ከማሽላ በማዳቀል የተገኙ ናቸው፤ ከሌላ ፍጥረት የገባባቸው ዘረመል የለም። የምርምሩ መሪ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት አግኝተዋል።

ጂኤምኦ የሚባለው ለምሳሌ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የፈቀደችው ቢቲ ጥጥ ነው፤ ትልን እንዲቋቋም የባክቴሪያ ዘረመል የገባበት ጥጥ ማለት ነው። ክርክሩ እዚያ ላይ ይገባል፤ የእርስዎ ማሳ ግን በወሬ ጦም ማደር የለበትም።

የአቀንጭራ ዘር አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። የሚነቃው ከማሽላው ሥር የሚወጣ ንጥረ ነገር ሲደርሰው ነው። እነዚህ ዝርያዎች ያንን የሚያመነጩት በጣም በጥቂቱ ስለሆነ አብዛኛው አቀንጭራ እንደተኛ ይቀራል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ቶሎ ይደርሳሉ። እኔ ብቻዬን በዘራሁበት ዓመት የጎረቤት ማሽላ ገና እሸት ሳይይዝ የአካባቢው ወፍ ሁሉ የእኔ ማሳ ላይ ወረደ። ልጆቼ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ከንጋት እስከ ምሽት ቢውሉም የዳር ዳሩ ራስ ገለባ ብቻ ሆኖ ቀረ። ከጎረቤቶችዎ ጋር ተነጋግራችሁ አብራችሁ ዝሩ። አገዳውም አጭር ስለሆነ ለከብቶችዎ ከነባሩ ዘር ጥቂት ይዝሩ።