ብዙ ወንበር፣ አጭር ሥልጣን፦ የፋርስ ለዘብተኞች

ጥያቄ፦ በፋርስ (በዛሬዋ ኢራን) የሕገ መንግሥት ዘመን «ለዘብተኞች» የሚባለው ፓርቲ አባላት በሁለተኛው መጅሊስ (ፓርላማ) ከማንም የበለጠ ወንበር ነበራቸው። ታዲያ መንግሥት ማጽናት ለምን አቃታቸው?

መልስ፦ ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እንውሰድ። መጅሊሱ በኖቬምበር 1909 ሲከፈት ለዘብተኞቹ 50 ያህል፣ ተቀናቃኞቻቸው ዴሞክራቶች ከ30 ያነሱ ነበሩ። ቁጥሩ ግን ያሳስታል። በለዘብተኞቹ ወገን የቆሙት የሃይማኖት ሊቃውንት፣ ባለርስቶች፣ ነጋዴዎችና የጎሳ አለቆች ናቸው። ያስተባበራቸው ከጋራ ዕቅድ ይልቅ ዴሞክራቶቹን መፍራታቸው ነበር፤ የዴሞክራቶቹ መሪዎች፣ እነ ታቂዛዴ፣ ሃይማኖት ከፖለቲካ ይለይ፣ መሬት ለገበሬ ይከፋፈል ይሉ ነበርና። ፍርሃት ተቃውሞን ያስተባብራል እንጂ ካቢኔ አያቆምም።

በጁላይ 1910 የሆነውን ይመልከቱ። የለዘብተኞቹ ትልቅ ደጋፊ ሙጅታሂድ (ከፍተኛ የሺዓ ሃይማኖት ሊቅ) አብዱላህ ቤህባሃኒ ተገደሉ፤ ጥርጣሬው በዴሞክራቶቹ ላይ ወደቀ፤ ታቂዛዴም ቴህራንን ለቀው ወጡ። ሆኖም በዚያው ወር ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ዴሞክራቶች የሚደግፏቸው ሞስቶፊ አልማማሌክ ነበሩ! የማንም ወገን ያልሆኑ ተወካዮች ወዲያና ወዲህ ሲያመዝኑ፣ ማን ከማን ጋር እንደቆመ በግልጽ የሚታወቅበት ሥርዓት አልነበረም።

ይህን ያስተካከሉት ለሕፃኑ አህመድ ሻህ እንደራሴ የሆኑት ናስር አልሙልክ ናቸው። በ1911 መጀመሪያ ከአውሮፓ ሲመለሱ፣ አብላጫው ወገን በግልጽ ይለይልኝ አሉ። አብላጫዎቹ ለዘብተኞቹ መሆናቸው በይፋ ታወቀ፤ በማርችም እነሱ የሚደግፏቸው ሴፓህዳር ካቢኔ መሠረቱ። በእኔ ግምት ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው፦ አብላጫው በይፋ ሲታወቅ መንግሥቱም ወዲያው ተለወጠ። ዘግይቶ ነበር እንጂ! ቀደም ብሎ የተሻረው ሻህ ሞሐመድ አሊ በጁላይ ጦር ይዞ ሲመለስ ሴፓህዳር ወደቁ፤ በዲሴምበር ደግሞ በሩሲያ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ምክንያት መጅሊሱ ራሱ ተዘጋ።

ጥያቄ፦ ለዘብተኞቹ ሴኔት (የላይኛው ምክር ቤት) ይቋቋም ማለታቸውስ ምን ሊጠቅማቸው?

መልስ፦ በ1906ቱ ሕግ ሴኔቱ 60 አባላት ይኖሩታል፤ 30ውን የሚሾመው ሻሁ ነው። ሽማግሌ መኳንንትና ሊቃውንት የሚገቡበት ቤት የታችኛውን ምክር ቤት ውሳኔ ያዘገያል፤ የመሬቱ ጥያቄ በችኮላ እንዳያልፍ ዋስትና ይሆናቸው ነበር። ዴሞክራቶቹም በዚሁ ምክንያት ተቃወሙት። ሴኔቱ የተከፈተው ግን በ1950 ነው፤ ፓርቲው ከፈረሰ ብዙ ዓመት ቆይቶ።