መጀመሪያ ሰውየውን ፈልጉ

ውድ ልጆቼ፣

ስለ ድሬዳዋ ታሪክ አውደ ርዕይ እያዘጋጀች ያለች አንዲት ልጅ ሰሞኑን "ጋሼ፣ መጀመሪያ ምን ምን ዕቃ እንሰብስብ?" ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በቅርስ ሥራ ነው። ድሮ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ ስለ ጅቡቲ–አዲስ አበባው ባቡር አውደ ርዕይ ተከፍቶ ነበር። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ መግባቱ፣ ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ከተማዋ እዚህ ሜዳ ላይ መቆርቆሯ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ መድረሱ፣ ሁሉም በትልልቁ ተጽፎ ተሰቅሏል። አንድ የሸሚንደፈር፣ ማለትም የምድር ባቡሩ፣ የድሮ ሠራተኛ የነበሩ ሽማግሌ ገቡ። ጽሑፉን ዞር ብለውም አላዩት። ቀጥ ብለው ጠረጴዛ ላይ ወዳለው የእጅ ፋኖስ ሄዱ። አነሱት፤ አናቱን በአውራ ጣታቸው ገፋ ሲያደርጉት መስታወቱ ከነጭ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ዞረ። አዘጋጆቹ እንደሚዞር እንኳ አናውቅም ነበር!

ሌሊት ፉርጎ ሲቀጠል የትኛው ቀለም መቼ እንደሚታይ ያስረዱን ጀመር። በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ቀጠሉ፤ የአለቃቸው ቁጣ ጋ ሲደርሱ ወሬው ፈረንሳይኛ ሆነ። ነፋስ ፋኖሱን ያጠፋው ጊዜ በሁለት ፉርጎ መሃል ስለነበረ ጓደኛቸው ሊነግሩን ስሙን ጠሩ። ይሄኔ አንድ ኃላፊ መጣና "አባባ፣ ዕቃ አይነካም፤ እንግዶች እየገቡ ነው" አላቸው። ፋኖሱን ቀስ አድርገው አስቀመጡና ወጡ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ከፋኖሱ ሥር የተለጠፈው "የድሮ የባቡር ፋኖስ" የሚል ብቻ ነበር። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ልጄ፣ ከዕቃው በፊት በዕቃው የሠራበትን ሰው ፈልጊ።

የዛሬ ልጆች ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ራሳችሁን ፎቶ አንስታችሁ ትሄዳላችሁ፤ ደስ አይለኝም። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ እላለሁ። ደግሞ ያን ቀን ስልክ ቢኖር የሽማግሌው ድምፅ ይቀር ነበር። እንግዲያው አውጡት፣ ግን ወደ እሳቸው አዙሩት።

ሐረር ውጡና የአብዱላሂ ሸሪፍን ሙዚየም እዩ። ራስ ተፈሪ በኖሩበት ቤት ውስጥ ነው። የእጅ ጽሑፉንም፣ የድሮውን ዘፈን ቅጂም እኚህ ሰው ከየቤቱ ለቃቅመው ነው ያሰባሰቡት። ቤት ለቤት ሳይዞሩ የሚገኝ ነገር የለም።

የባቡሩ ነገር ሲነሳ ደግሞ ነጋዴ እናቶች አይረሱ። ከጅቡቲ ጨርቅ ይዘው ፍተሻ እያለፉ ስንቱን ልጅ ያስተማሩ ናቸው። በየትኛውም አውደ ርዕይ ፎቷቸውን አይቼ አላውቅም። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄዳችሁ በዕድሜ ትልልቆቹን ነጋዴዎች ጠይቁ።

ሽማግሌዎቹ ጋ ከሰዓት፣ በርጫ ላይ፣ ጫት ይዘው ሲቀመጡ ሂዱ፤ ወሬው የሚደራው ያኔ ነው። የጻፋችሁትን ደግሞ ከመለጠፋችሁ በፊት መልሳችሁ አንብቡላቸው። የተሳሳተውን ያርሙላችኋል፤ ያልነገሯችሁም ትዝ ይላቸዋል።