መልስ፦ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ መርሳት ጊንኮ ይሰጣል?

ሰላም እህቴ። እናትሽ የልብ ቫልቭ ከተቀየረላቸው ወዲህ መርሳት ስላበዙ የጊንኮ (ለማስታወስ ይረዳል ተብሎ የሚሸጥ የዛፍ ቅጠል) ክኒንና ነጭ ሽንኩርት በማር ልስጣቸው ወይ ብለሻል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት እንደሚወስዱም ጽፈሻል። እባክሽ አትጀምሪላቸው! ሁለቱም ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኙ መድማትን ሊያባብሱ ይችላሉ። ጭንቅላት ውስጥ ከደማ ደግሞ ልናድነው ያሰብነው አእምሮ ራሱ ይጎዳል። ወጥ ውስጥ የሚገባው ነጭ ሽንኩርት አያሳስብሽ። ጎመንም ይብሉ፣ ግን የዋርፋሪኑ ሥራ እንዳይዛባ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ።

ጊንኮ ደግሞ ያን ያህል የሚያጓጓ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 በላይ አረጋውያን ላይ ለዓመታት ተሞክሮ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ የመርሳት በሽታን አልተከላከለም።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ መርሳት ብዙ ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሻላል። ሌሊት በደንብ ይተኙ፣ መነጽራቸውን ያድርጉ፣ ሐኪም በፈቀደው ልክ ይራመዱ፣ ቤት ውስጥም የሚያጫውታቸው ሰው አይጥፋ። የደም ግፊታቸውንና አይኤንአራቸውን (ደማቸው ለመርጋት ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ) ተከታተይ። እስካሁን የሰጠሻቸው ቅጠል ወይም ሥር ካለ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሪው፤ ይቆጣኛል ብለሽ አትደብቂ።

አፋቸው ከተጣመመ፣ ንግግር ከተያዘባቸው ወይም ኃይለኛ ራስ ምታት ድንገት ከጀመራቸው ግን ምንም ሳትሞክሪ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።