የቤተሰብ ማይል እንዳይቃጠል

“የእናቴና የታናሽ እህቴ ማይል እንዳይቃጠል ምን ላድርግ?” ላልከው፦ ማይሉ (አየር መንገዱ የሚሰጣቸው፣ በኋላ ለቲኬት የሚሆን ነጥብ) የዴልታ ወይም የዩናይትድ አየር መንገድ ከሆነ ተወው፣ ጊዜ አያልፍበትም። የአሜሪካን ኤርላይንስ ግን 24 ወር ሙሉ ካልተንቀሳቀሰ፣ ማለትም ማይል ካልገባበት ወይም ካልወጣበት፣ ድራሹ ይጠፋል። ለዚህ ደግሞ የግድ መብረር የለባቸውም። በአየር መንገዱ የኦንላይን መገበያያ፣ በእናትህ አካውንት ገብተህ ካልሲም ቢሆን ግዛ። ማይሉ ሲገባ 24 ወሩ እንደ አዲስ ይጀምራል። በራስህ አካውንት ከገዛህ ግን ለእሳቸው አይቆጠርም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። እህትህ 21 ዓመት ካልሞላት የእሷ አይቃጠልም።

እናትህ አዲስ አበባ የሚመላለሱት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ፣ የቲኬቱ ዓይነት እስከፈቀደ ድረስ ማይሉን ወደ ዩናይትድ ማስገባት ይቻላል፤ ሁለቱም ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ውስጥ ናቸው። ቼክ ኢን ሲያደርጉ የዩናይትድ የማይል አካውንታቸውን ቁጥር ይስጡ። አካውንቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርታቸው ጋር አንድ ይሁን፣ አለዚያ ጣጣ ነው።