ለሐጅ ስንት ጊጋ ይበቃል? ከአባቷ ጋር ለምትሄደው እህታችን

ወአለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ እህቴ። እንኳን አላህ ለዚህ አበቃሽ፣ አባትሽንም እንኳን አበቃቸው። ጥያቄሽን ሳየው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ከአባቴ ጋር ለሐጅ ልሄድ ነው፣ ስንት ጊጋ ይበቃናል? ከዚህ ሮሚንግ (የኢትዮጵያው ሲም እዛም እንዲሠራ) እናስከፍት ወይስ እዛ ሲም እንግዛ?» ነው ያልሽው። ከኔ በፊት የመለሱልሽ አንዱ 20 ጊጋ፣ አንዱ 50 ጊጋ ይሉሻል። እኔ በ2016 እናቴን ይዤ ሐጅ አድርጌያለሁ፣ ከዛ ወዲህ ደግሞ ከባለቤቴ ጋር ዑምራ ደርሼ መጥቻለሁ። ከሁለቱም ጉዞ የገባኝ አንድ ነገር ነው፦ ጊጋ ከመቁጠርሽ በፊት በየትኛው ቀን፣ የት ቦታ፣ አንቺ አባትሽን ወይም እሳቸው አንቺን ለማግኘት ስልክ እንደሚያስፈልጋችሁ አስቢ። ጥቅሉ ከዛ በኋላ ይመጣል።

ቁጥሩን ግን ስለጠየቅሽ አስቀድሜ ልንገርሽ። ለአንድ ሰው ለ25 ቀን 10 ጊጋ ይበቃል። በኢሞ በድምፅ ብቻ ስታወሪ በደቂቃ 1 ሜጋ ቢሄድ ነው፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ብታወሪ 30 ሜጋ። ቪዲዮ ሲሆን በደቂቃ ከ5 እስከ 10 ሜጋ ይበላል፣ ስለዚህ ልጆቹን እያየሽ 10 ደቂቃ ብታወሪ 100 ሜጋ በይው። ጽሑፍ፣ የድምፅ መልእክት፣ ጥቂት ፎቶና ካርታ ሌላ 70 ሜጋ ቢወስድ ነው። በቀን 200 ሜጋ፣ በ25 ቀን 5 ጊጋ። ያንን እጥፍ አድርጊው። ይሄን ሂሳብ የሚያፈርሰው ቲክቶክና ዩቲዩብ ነው፤ ቪዲዮ በዝቅተኛ ጥራት እንኳን በሰዓት ግማሽ ጊጋ ይወስዳል፣ ጥራቱ ከፍ ካለ ደግሞ ከ1 ጊጋ በላይ።

አሁን እኔ ላይ የደረሰውን ስሚኝ። መካ በገባን በመጀመሪያው ሌሊት የሆቴሉ ዋይፋይ ተቋርጦ ስልኬ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ ዞሮ ነበር። እኔ ዑምራዬን ጨርሼ ደክሞኝ ተኝቻለሁ። ለካ ስልኩ መዲና የቀረጽኳቸውን ቪዲዮዎች በሙሉ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ እየጫነ ያድራል። ጠዋት ስነሳ ከ10 ጊጋው የቀረው 1 ጊጋ አይሞላም። እሱንም በማግስቱ ጨረስኩት። የባሰው ነገር ግን የገዛሁት ጥቅል ለኢንተርኔት ብቻ መሆኑ ነው። የድምፅ ደቂቃ የለውም፣ ሒሳብም አልሞላሁበትም።

በዛው ቀን ከዒሻ በኋላ እናቴ ከእጄ ጠፋች። ሶላት አልቆ ሰው ሲወጣ ማዕበል ነው፣ ያየው ያውቀዋል። ሴቶቹ ከሚሰግዱበት በር ላይ ልጠብቃት ነበር፣ ጥበቃዎቹ መንገዱን ዘግተው ሕዝቡን በሌላ በኩል አዞሩት። ስልክ ይዛለች። እኔ ግን መደወል አልችልም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዞርኩ። መጨረሻ ላይ አንድ ሱዳናዊ አባት ፊቴን አይቶ መሰለኝ ምንም ሳልለው ስልኩን ዘረጋልኝ። ደወልኩ፣ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች። «የት ነሽ እማ?» ስላት «ቁጥር 79 የሚል አለ፣ ከስሩ ቁጭ ብያለሁ፣ ተምርም ሰጥተውኛል» አለችኝ። የሐረሙ በር፣ ባብ መሊክ ፋህድ ማለት ነው። ደግነቱ ቁጥር ታነባለች። ያን ሌሊት ያጣሁት ጊጋ አልነበረም፣ የአንድ ደቂቃ ጥሪ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ እዛ ስትገዢ መጀመሪያ የምትጠይቂው «የአገር ውስጥ ደቂቃ አለው ወይ?» ብለሽ ነው። ለአባትሽም እንደዛው፣ እንዲያውም ለእሳቸው ዳታው ትንሽ ሆኖ ደቂቃው ቢበዛ ይሻላል። ሁለታችሁም የአንድ ኩባንያ ሲም ያዙ።

ሮሚንግ ወይስ የሳዑዲ ሲም ላልሽው፣ ሁለቱንም ነው የምልሽ፣ ግን ለየራሳቸው ሥራ። የኢትዮጵያ ሲምሽ ስልኩ ውስጥ ይቆይ፣ የዳታ ሮሚንጉን ግን አጥፊው። የሚያስፈልግሽ ለአጭር መልእክት ነው፤ ባንክሽ ወይም ቴሌብር የማረጋገጫ ቁጥር ሲልክ የሚመጣው እዛ ላይ ነው። ሮሚንጉ መከፈቱን ከመሄድሽ በፊት በ994 ደውለሽ ወይም አገልግሎት ማዕከል ሄደሽ አረጋግጪ፣ ጂዳ ከደረሱ በኋላ ማስተካከል ጣጣ ነው። ለንግግርና ለኢንተርኔት የሳዑዲ ሲም ግዢ፤ ኤስቲሲ፣ ሞባይሊ፣ ዜይን አሉ፣ ኤርፖርትም ከተማም ታገኛቸዋለሽ። ፓስፖርት ይፈልጋል፣ አሻራም ይሰጣል። መንገድ ላይ ዝግጁ ሲም ይዞ የሚመጣ ሰው ይኖራል፣ ሐበሻም ሊሆን ይችላል፣ እንዳትገዢ። በሌላ ሰው ስም የወጣ መስመር በማንኛውም ሰዓት ሊዘጋ ይችላል፣ የሚዘጋው ደግሞ አረፋ ላይ ቢሆንስ?

ስለ አሻራው አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ማንም አልነገረኝም ነበር። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በርበሬ ስትደልዝ፣ ልብስ በእጇ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት፤ የጣቷ መስመር አልቋል። ማሽኑ አውራ ጣቷን እምቢ አለ። ሌባ ጣቷንም እምቢ አለ። ሻጩ ልጅ ሶፍት በውሃ አርሶ ጣቷን አንድ በአንድ ጠረገላት፣ ቀስ ብሎ ይዞ ሞከረ፣ ከኋላችን ሰልፉ ረዝሟል፣ እሷ ደግሞ አፍራ «ተወው ልጄ ይቅርብኝ» ትላለች። በመጨረሻ የግራ እጇ የቀለበት ጣት ተቀበለ። አባትሽም ገበሬ ወይም የእጅ ሥራ ሠርተው ያደጉ ከሆኑ ይሄ ሊገጥማችሁ ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት ጥቂት ቀን እጃቸውን ቫዝሊን ቀቢያቸው፣ እዛም ሰው በሚበዛበት ሰዓት አትሂዱ። እምቢ ካለ በአንቺ ስም ሁለተኛ መስመር ይሰጡ እንደሆን ጠይቂ።

የአባትሽን ስልክ ከዚሁ አዘጋጂላቸው። ትልቁ ነገር ስልክ ቁጥሮቹ ናቸው። አብዛኞቹ ወላጆቻችን ስልክ ላይ ቁጥር የተመዘገበው በ09 ወይም በ07 ጀምሮ ነው፣ ከሳዑዲ ሲም በዛ ቢደውሉ ኢትዮጵያ አይገባም። ሁሉንም በ+251 ቀይሪላቸው፣ ዜሮዋን አውጥተሽ። የአስር ወይም የአስራ ሁለት ሰው ቁጥር ይበቃል፣ አንቺን መጀመሪያ ላይ አድርጊው። አዲሱ የሳዑዲ ቁጥርሽ ሲወጣ በ+966 መዝግቢላቸው፣ በወረቀትም ጽፈሽ ከሚያንጠለጥሉት ካርድ ጀርባ በፕላስተር ለጥፊ፤ የቡድን መሪውን ቁጥር ጨምሪበት። ወንዶች ኢሕራም (ሁለቱን ነጭ ጨርቅ) ሲለብሱ ኪስ የላቸውም፣ ስለዚህ ስልኩ አንገት ላይ በሚንጠለጠል ቦርሳ ወይም በቀበቶው ኪስ ይሁን። አዲሱን ሲም ስታስገቢ ዋትሳፕ «ቁጥር ቀይር» ሊልሽ ይችላል፣ እንዳትነኪው፣ በኢትዮጵያው ቁጥር ይቀጥላል።

የራስሽን ስልክ ደግሞ እዚሁ ቤት ዋይፋይ ላይ ጨርሺው። ቁርኣኑን ከነድምፁ የምትፈልጊ ከሆነ አውርጂ፣ የዱዓ ኪታቡንም። የመካንና የመዲናን ካርታ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርገሽ አስቀምጪ፤ ጂፒኤስ ዳታ አይፈልግም፣ ካርታው ካለ ያለሽበትን ያሳይሻል። የፎቶ መጫኛውን «በዋይፋይ ብቻ» አድርጊ፣ ከዛም አልፈሽ ለዛ አፕ የሞባይል ዳታ ዝጊበት፣ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አጥፊ፣ የቤተሰብ ግሩፕ ብቻውን ጥቅል ይጨርሳል። አፖች በራሳቸው እንዳይታደሱ፣ ዳታ ሴቨር (ዳታ ቆጣቢው) ይበራ። ብዙ ስልኮች ላይ የዳታ ገደብም አለ፣ ጥቅሉ ከማለቁ በፊት እንዲያስጠነቅቅሽ አድርጊ። ይሄ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ቻርጀርሽንም እይው። የሳዑዲ ሶኬት እንደ እንግሊዝ ባለ ሦስት ጥርስ ነው፣ የኛ ሁለት ክብ ጥርስ አይገባም። ማገናኛውን ከመርካቶ ይዘሽ ሂጂ። ፓወር ባንኩ በእጅ ሻንጣ ነው የሚገባው፣ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም።

የሐጅ ቀናት ላይ ስንመጣ ግን ጊጋ ቢኖርሽም ላይሠራ እንደሚችል አድርገሽ ተዘጋጂ። እኔ በሄድኩበት ዓመት ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሑጃጅ ነበር፣ ያ ሁሉ ሰው ከዙልሒጃ 8 ጀምሮ ሚና፣ በ9ኛው አረፋ፣ ማታውን ሙዝደሊፋ ላይ ነው። ሁሉም በአንድ ሰዓት ይደውላል። ስልኩ ሙሉ ምልክት ያሳያል፣ ጥሪው አይወጣም። አጭር መልእክት ግን ዘግይቶም ቢሆን ሲደርስ አይቻለሁ። እኔና እናቴ ከሶላት በኋላ «ደህና ነኝ» ብለን እንድንላላክ ተስማማን፤ መጻፍ ስለማትችል «1» ብላ ትልክልኛለች። ሚና ላይ ወንዶችና ሴቶች ድንኳናቸው የተለያየ ነው፣ አባትሽ ብቻቸውን ከወንዶቹ ጋር ነው የሚያድሩት። ድንኳኑ ሁሉ ነጭ ነው፣ ሁሉም አንድ ይመስላል፣ ጠጠር ከሚወረወርበት ከጀመራት ሲመለሱ የሚጠፋው ሰው ብዙ ነው። እንደደረሳችሁ የካምፑን ቁጥርና የመግቢያውን ምልክት ፎቶ አንሺ፣ ቦታውን ካርታው ላይ መዝግቢ፣ በሁለታችሁም ስልክ ላይ። በዛው ሰዓት መገናኛ ቦታ ተነጋገሩ፣ ቁጥር ያለው ምሰሶ ወይም በር ይሁን። መካ ላይም «ሰዓቱ ማማ ስር» አትበሉ፣ ያ ከሐረሙ ፊት ያለው ሕንፃ 601 ሜትር ነው፣ ስሩ ከተማ ነው።

ሙቀቱን አደራ። በዛ ዓመት ከ50 ዲግሪ አልፎ ነበር። ስልክ ፀሐይ ላይ ከቆየ ይግልና ራሱን ያጠፋል። ኔትወርክ ሲፈልግም ባትሪ ይጨርሳል። ስለዚህ መልእክት ከተላላካችሁ በኋላ ዳታውን አጥፊና ስልኩን ጥላ ውስጥ አድርጊው፣ ሙዝደሊፋ ላይ ደግሞ ስትተኚ የአውሮፕላን ሁነታ ላይ።

ስለ አረፋ ቀን አንድ ነገር ብል ቅር አይበልሽ። አጠገቤ የነበረ ልጅ ከዙሁር እስከ ዐሱር አገር ቤት ለመደወል ሲታገል ዋለ፣ ጥሪው ይቆረጣል፣ እንደገና ይደውላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሲያለቅስ አየሁት። ቤተሰብሽን ከአሁኑ «አረፋ ላይ አልደውልም፣ ዱዓ የምትፈልጉትን ጻፉልኝ» በያቸው። እኔ የሁሉንም ስም ደብተር ላይ ገልብጬ ነው የሄድኩት።

መዲና ላይ በነቢዩ መስጊድ ውስጥ ላለችው ረውዳ ፈቃድ የሚያዘው በሳዑዲ መንግሥት ኑሱክ አፕ ነው፣ ቡድናችሁ ካልያዘላችሁ ማለቴ ነው። የሴቶችና የወንዶች ሰዓት የተለያየ ስለሆነ የአባትሽ ፈቃድ አንቺ ስልክ ላይ ብቻ እንዳይቀር። በራሳቸው ስልክ ይግባ፣ ስክሪንሾትም አስቀምጪላቸው። ሰዓቱን ስታነቢ ተጠንቀቂ፤ የእነሱና የእኛ ሰዓት እኩል ነው፣ አቆጣጠሩ ግን እንደ ፈረንጅ ነው። 14:00 ማለት የኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። የኔ እናት «2 ሰዓት» ብላ ጠዋት ተነስታ ለባብሳ ጠብቃኛለች።

የሆቴል ዋይፋይ ከዒሻ በኋላ አይሞከርም፣ ሁሉም ክፍሉ ገብቶ ቤተሰብ ይደውላል። ከፈጅር በኋላ ሰው ሲተኛ ይፈጥናል፣ ፎቶዎችሽን ያኔ ላኪ። ከድንገተኛ ነገር ጋር በተያያዘ መካም መዲናም 911 ይሠራል፣ ለአባትሽ አሳያቸው።

የአባትሽን ስልክ ዓይነት እዚህ ጻፊልኝ፣ ሁለት ሲም ይይዝ እንደሆነ አይቼ እነግርሻለሁ። አንድ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ለሳዑዲው ሲም ርካሽ ባለ ቁልፍ ስልክ ግዢላቸው፣ ባትሪውም ቀናት ይቆያል። ሐጀን መብሩረን፣ በዱዓችሁ አትርሱን።