«አደጋውን ማን ከሰተው?»

እህቴ፣ «የእንግሊዝኛውን ፓሲቭ ቮይስ (የተደራጊ ግሥ) ደንብ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ዓረፍተ ነገር ቀይሪ ስባል ግን ሁልጊዜ እሳሳታለሁ» ብለሽ ጠይቀሻል። የምትዘጋጂው ለሥራ ቅጥር ፈተና መሆን አለበት፤ ሌላ ማን በዚህ ጉዳይ እንቅልፍ ያጣል? ደንቡን ካወቅሽው አልደግመውም። እኔን ያቃጠለኝን ልንገርሽ።

1. ከመቀየርሽ በፊት ግሡ ተሳቢ (ድርጊቱ የሚያርፍበትን) የሚቀበል መሆኑን አረጋግጪ። ለእኛ ወጥመዱ የራሳችን «ተ» ናት። «ሰበረ» «ተሰበረ»፣ «ጻፈ» «ተጻፈ» እያልን ስላደግን በ«ተ» የሚጀምር ሁሉ ተደራጊ ይመስለናል። እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈተና ላይ ስለ መኪና አደጋ በእንግሊዝኛ ሪፖርት ጻፍ ተባልኩ። በልቤ «አደጋው ሌሊት ተከሰተ» አልኩ፤ እጄ «ዋዝ ሃፕንድ» ብሎ ጻፈ። ቀጥዬም «ሾፌሩ ተሰወረ» ለማለት «ዋዝ ዲስአፒርድ»! ፈታኙ ወረቀቴን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ሌሎች ተወዳዳሪዎች በተቀመጡበት፣ «ለመሆኑ አደጋውን ማን ከሰተው?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መሳቁ ሳያንስ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ እንኳ አልነገረኝም። ማስተማር ሥራው ባይሆን፣ ማዋረድስ ሥራው ነበር?

ያወቅኩት ከሁለት ወር በኋላ ብቻዬን ነው። ለተማሪ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ስትገልጪ ከግሡ አጠገብ «አይ» ወይም «ቲ» የምትል ፊደል ታያለሽ። «ቲ» ያለበት ተሳቢ ይቀበላል፣ ፓሲቭ ለማድረግ ሞክሪው። «አይ» ብቻ ካለበት ግን እንዳለ ተዪው፤ «ሃፕንድ» ብቻውን ይበቃዋል። ይህችን ፊደል በትምህርት ቤት ያሳየኝ አስተማሪ አልነበረም።

2. «በ»ን ሁሉ «ባይ» አታድርጊ። «በውሻ ተነከሰ» ስትዪ «ባይ» ነው። «በቢላ ተቆረጠ» ግን «ዊዝ» ነው፤ ቢላ ሰው ካልያዘው በራሱ አይቆርጥም። አድራጊው የማይታወቅ ወይም የማያስፈልግ ከሆነ ደግሞ «ባይ ሳምዋን» እያልሽ ወረቀት አትፍጂ።

3. «ቢንግ»ን አትርሺ። «ፖሊስ ሌባውን እያሳደደ ነው» ሲገለበጥ «ኢዝ ቢንግ ቼዝድ» ነው እንጂ «ኢዝ ቼዝድ» አይደለም። እኔ ይህን የረሳሁት በሁለተኛው ፈተናዬ፣ በሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሆኖም አለፍኩ። እነሆ ዛሬ እዚያው ተቀጥሬ የሌሎችን የእንግሊዝኛ ሪፖርት የማርመው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከዚያ ከሳቁብኝ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ «ዋዝ ኦከርድ» ይላል፤ ያው የእኔው «ተከሰተ» ነው። በቀይ አክብቤ መለስኩላቸው። ፊርማው የዚያ ፈታኝ አለመሆኑ ብቻ አናደደኝ።